«ደሳለኝ ቶኮዛ» የሚለው ፎልደር

እኔ ስለ ጅንና ስለ ሙት መንፈስ ወሬ ሲነሳ «እስቲ ሌላ ወሬ አምጡ» ብዬ ከመሃል የምነሳ ሴት ነኝ፣ ይህን ከወዲሁ እወቁልኝ፣ ጆበርግ ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት የኖረ ሰው ሽጉጥ ይዞ የሚመጣውን እንጂ ነጭ ለብሶ የሚመጣውን ለመፍራት ጊዜም የለው፣ ደግሞ የሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ታሪክ ሌሊት ነው፣ መብራት ጠፍቶ፣ ውሻ እያላዘነ፣ የኔው ግን በጠዋቱ አራት ሰዓት ነው፣ ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ የኪቦርዱን አቧራ እያሳየችኝ። ይኼ ነው የሚያናድደኝ። ሌሊት ቢሆን ኖሮ እንቅልፍ ተጫጭኖኝ ነው ብዬ እገላገል ነበር።

እና አዎ፣ ሳወራው እናደዳለሁ፣ አሁንም ጥርሴን ነክሼ ነው የምጽፈው፣ ታገሱኝ።

ነገሩ በኮሮናው ጊዜ ነው፣ ሁሉ ነገር በተዘጋበት። የስደተኛ ወረቀት የሚታደስበት ቢሮም ተዘግቶ ማደሻው በኢሜይል ሆነ፣ ፎርሙን ትሞላለህ፣ የድሮውን ወረቀት ፎቶ ታያይዛለህ፣ ትልካለህ፣ መልሱ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሆኖ ይመጣልሃል፣ ለለመደው ቀላል ነው፣ የኛ ሰው ግን ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮቹ ሰፈር ውስጥ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ ዳቦና ኤርታይም ሲሸጥ ነው የሚውለው፣ ኢሜይሉን መቼ ከፍቶት ያውቃል። ስለዚህ ሁሉም በኔ ኢሜይል ሆነ። አትሳቁ። እዚህ አገር አንድ ሰው አንድ ነገር ከቻለ የሁላችንም ነው፣ መኪና ያለው የሁላችን ሾፌር ነው፣ እንግሊዝኛ አፉን የፈታለት የሁላችን ጠበቃ ነው፣ እኔ ደግሞ ማንም ሳያስተምረኝ ነካክቼ፣ አበላሽቼ፣ መልሼ ሠርቼ ኮምፒውተር የለመድኩ ሴት ነኝና የአርባ ምናምን ሰው ዕጣ ፈንታ በእኔ በወይንሸት ኢሜይል ይገባና ይወጣ ጀመር።

ኮምፒውተሩ ሮዘተንቪል ከቤቴ ጓሮ ባለችው ክፍል ነው፣ ትልቁ ዓይነት፣ ጠረጴዛ ላይ የሚተከለው፣ ሲነሳ እንደ አሮጌ ሚኒባስ የሚያጓራ። ደብዳቤው ሁሉ ከኢንተርኔት ወርዶ እዚያው እሱ ውስጥ ይቀመጣል፣ እኔም ለእያንዳንዱ ሰው ፎልደር ከፍቼለት ነበር፣ አንድ ዓይነት ስም ስለሚበዛ ስሙን ከሚሠራበት ሰፈር ጋር አድርጌ፣ «ሙሉ ትሮይቪል»፣ «ደሳለኝ ቶኮዛ»፣ እንዲህ እያልኩ። ይህን አጠራር ከኔ በቀር የሚያውቀው የለም፣ ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ ምን ብዬ እነግራለሁ። ከታች ደግሞ «ይቆዩ» የምትል አንዲት ፎልደር ነበረችኝ። ያናደደኝን ሰው እዚያች ውስጥ እከተው ነበር። አዎ፣ እኔ ነኝ፣ ያቺ ሳቂታዋ፣ ያቺ ለሰው አዛኟ።

ደሳለኝ እዚያ ገባ። ደሳለኝ የቡታጅራ ልጅ ነው፣ ቶኮዛ ስፓዛ የሚሉት ዓይነት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ነበረው፣ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲናገር ግን ነገር የሚያውቅ። ከዚያ በፊት በነበረው እድሳት ፎርሙን ስሞላለት «ሌላ የሚጨመር ካለ» የሚል ሳጥን ነበረና «ምን ልበልልህ» ስለው «ባለቤቴ አስናቀች ደግ ሴት ናት፣ ብርድ አትችልም፣ ወረቀቷ በኔ ስም ስለሆነ የሷንም አብራችሁ አድሱላት ይበሉልኝ» አለኝ፣ እኔም እየሳቅኩ ጻፍኩለት፣ ጽፌም ዝም ብል ምን ነበረበት፣ ለፀጉር ሠሪዬ አወራሁት፣ ያው ወሬ እወዳለሁ፣ ክፋት አልነበረውም፣ ወዳጆቼ፣ አንድ ሳምንት ሳይሞላ ቶኮዛ ያለው አበሻ ሁሉ «ብርድ የማትችለዋ እንዴት ናት» እያለ ይስቅበት ጀመር።

እሱ ምን አደረገ፣ በእድራችን የዋትስአፕ ግሩፕ ላይ በድምፁ እንዲህ አለ፦ «ጎበዝ፣ እትዬ ወይንሸት ጋ ደብዳቤ የሚገባላችሁ ተጠንቀቁ፣ ባለቤቱ ሳያነበው ሮዘተንቪል አንብቦ ይጨርሰዋል።» በቃ ይኼው ነው። ከሥሩ እነዚያ እያለቀሱ የሚስቁት ቢጫ ፊቶች ተደረደሩ፣ የማን እንደሆኑ አንድ በአንድ ቆጥሬአቸዋለሁ፣ በነጻ ፎርም የሞላሁላቸው ሰዎች ናቸው። ውሸት ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባልበገንኩ። እውነት መሆኑ ነው ያንገበገበኝ።

ከዚያ መዘጋቱ መጣ፣ የደሳለኝም ወረቀት ጊዜው አልፎ ሊቃጠል ሆነ፣ በስልክ «እትዬ፣ ያለፈውን ይተዉልኝና ይላኩልኝ» አለኝ። እኔም ፎርሙን ሞላሁ፣ ፎቶውን አያያዝኩ፣ ያችን ሁልጊዜ የምገለብጣትን አራት መስመር እንግሊዝኛ ከላይ አስቀመጥኩ፣ «ላክ» የሚለው ላይ ስደርስ እነዚያ ቢጫ ፊቶች ትዝ አሉኝና እጄን አነሳሁ። ይቆይ አልኩ። ትንሽ ይለማመጠኝ። ረቂቅ የሚቀመጥበት ውስጥ ተውኩት። ከሁለት ቀን በኋላ ሲደውል «ልኬልሃለሁ፣ መልሱን ጠብቅ» አልኩት። ለምን እንዲህ አልኩ አትበሉኝ። አልኩት። ከዚያ የሌላው ሰው ሲመጣ፣ ሰው ሲታመም፣ ዳቦ ለመግዛት ፈቃድ ያስፈልጋል ሲባል፣ እመኑኝ፣ ጭራሽ ረሳሁት።

በክረምቱ፣ ያ ጆበርግን በደረቅ ብርድ የሚያንቀጠቅጣት ወር ላይ፣ ደሳለኝ ሞተ። በሽታው ነው የገደለው።

በሦስተኛው ቀን አስናቀች መጣች። ጥቁር ለብሳ፣ ማስክ አድርጋ፣ በሁለት ታክሲ። ያኔ ሰው ቤት ሰው አይገባም ነበርና የጓሮዋ ክፍል ደጃፍ ላይ፣ በሩን ከፍቼ፣ በርጩማው ላይ ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች፣ ቆመች።

«እትዬ፣ የሱን መልስ ልውሰድ ብዬ ነው» አለችኝ።

«የምን መልስ?»

«የወረቀቱን። ሬሳ ቤት ያለችው ሴትዮ የያዝኩትን አይታ የተቃጠለ ነው፣ በዚህ የሞት ወረቀት አይወጣም፣ የታደሰው ካለ አምጪ አለችኝ። ሰው በዝቶባቸዋል። እስከ ነገ ጠዋት ካላመጣሁ ተራው ያልፋል፣ ከዚያ ስም ከሌላቸው ጋር ነው የሚሆነው አለችኝ። እኔ ደግሞ ስም እያለው ስም እንደሌለው ሲቀበር አላይም።»

እሷ ቀጠለች፣ ልቅሶ እንኳ አልነበረባትም፣ ሰው የዕቃ ዝርዝር እንደሚናገር ነው የምትናገረው፦

«ሆስፒታል እንሂድ ስለው እኮ ‹የተቃጠለ ወረቀት ይዤ የት እሄዳለሁ፣ ነገ ከነገ ወዲያ የእትዬ መልስ ይመጣል› እያለ አራት ቀን ተኛ። በአምስተኛው መናገርም አልቻለ። እና መልሱ መጥቶ ከሆነ ብዬ ነው።»

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አይደለም፣ ንዴት ነው፣ በሱ ላይ፣ በሟቹ። አንተ ሰውዬ፣ ወረቀት ይሁን ገለባ ምን አገባህ፣ ተሸክመውህም ቢሆን አትሄድም ነበር፣ እኔን ጠብቀህ ነው የምትሞተው፣ እኔ ላይ ነው የምትሞተው። ከዚያ በሷ ተናደድኩ፣ ከዚያ በቢጫ ፊቶቹ፣ ዙሪያውን ሁሉ ተናድጄ ስጨርስ እኔ ብቻ ቀረሁ። «አልላክሁትም» ማለት ነበረብኝ። የወጣው ግን ይኼ ነው፦

«መጥቶ ይሆናል፣ ኮምፒውተሩ ተበላሽቶብኝ ነው፣ ፎልደሩን ልጠግንና ልየው። ትንሽ ጠብቂኝ።»

መበላሸቱስ ውሸት አልነበረም፣ ፕሮግራሙ ከሳምንታት በፊት ጀምሮ እያበደብኝ ነበር፣ የአንዱን ርዕስ ስጫን የሌላው ደብዳቤ ይከፈታል፣ ሞልቶ የነበረው ፎልደር ባዶ ነኝ ይላል። እንዲህ ነው ነገሩ፣ ደብዳቤዎቹ ራሳቸው አንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ ናቸው፣ የት የት እንዳሉ የሚናገረው መዝገብ ደግሞ ለብቻው ነው፣ መዝገቡ ሲቃወስ ደብዳቤው እያለ የለም ይላችኋል፣ መጠገን ማለት ያንን መዝገብ ጥሎ ፋይሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደገና አንብቦ አዲስ መዝገብ መጻፍ ነው። ያለውን ያወጣል። የሌለውን አያመጣም። ይህን ጠንቅቄ አውቃለሁ፣ ሐሳቤም ግማሽ ሰዓት ያህል ስነካካ ቆይቼ «ጠፍቷል የኔ እናት፣ ማሽኑ በልቶታል» ልላት ነበር። ፈጣሪ ይይልኝ፣ ይኼው ነበር ሐሳቤ።

ኢንተርኔት የምትሰጠኝን ትንሿን ዩኤስቢ ነቀልኳት። ስጠግን ሁልጊዜ እነቅላታለሁ፣ በመሃል ደብዳቤ ልውረድ ካለ ከጥገናው ጋር ይጋጫል። ነቅዬ ከብርጭቆዬ አጠገብ አስቀመጥኳት፣ ይህን ልብ በሉልኝ፣ አጠገቤ ነበረች፣ ሙሉውን ጊዜ እያየኋት ነበር።

ጊዜ ለመግደል የሌላውን መጠገን ጀመርኩ፣ «ሙሉ ትሮይቪል»ን ጠገንኩ፣ ዓይን ሳይጨፈን አለቀ። ሌላ ሁለት። እነሱም እንዲሁ። ከዚያ «ደሳለኝ ቶኮዛ»ን ለማውጣት ወደ «ይቆዩ» ወረድኩ፣ ብታይብኝስ ብዬ ሰውነቴን ስክሪኑ ፊት አድርጌ፣ ከፈትኳት። የለም። ዓይኔን አንስቼ ስፈልግ ከዝርዝሩ አናት ላይ ነው፣ ከሁሉም በላይ፣ በፊደል ተራ እንኳ ቢሆን «ደ» እዚያ አይወጣም። እጄ ተሳስቶ ጎትቶት ይሆናል አልኩ። እጄን ምን ነካው ብዬ ተናደድኩ፣ አለፍኩ።

ከፈትኩት፣ ሁለት ደብዳቤ ነው ያለው፣ የድሮዎቹ፣ የማውቃቸው። ጥገናውን ተጫንኩ።

ሁለት ደብዳቤ ለመቁጠር ምን ያህል ይፈጃል? አንድ ትንፋሽ አይሞላም። እሱ ግን ይቆጥራል፣ ከታች ያለችው አረንጓዴ መስመር ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ትሄዳለች፣ ዲስኩ ማጉረምረም ጀመረ፣ የወትሮው ድምፁ አይደለም፣ ይስባል፣ ያዝ ያደርጋል፣ ክርክር እያለ ይለቃል፣ እንደገና ይስባል። እኔ ማሽኑ ሊሞት ነው ብዬ «አንተ ደግሞ ዛሬ ጨምርበት» እያልኩ ጎኑን በመዳፌ መታሁት።

«እትዬ፣ እሱ ምንድን ነው?» አለችኝ ከደጃፉ።

«ዲስኩ ነው። አርጅቷል።»

«በመጨረሻዎቹ ቀናት እንዲህ ነበር የሚተነፍሰው» አለች፣ ቀስ ብላ፣ እንደማትፈልግ ሁሉ።

እጄን ከማሽኑ ላይ አነሳሁ። ድምፁ ወዲያው ቆመ። መስመሯም ጨርሳ ጠፋች፣ ያኔ ነው ያች ደብዳቤ ሲገባ የምትጮኸው ድምፅ፣ «ቲንግ» አለች። ዩኤስቢዋን አየኋት፣ ብርጭቆው ሥር ናት። ስልኬ ወጥ ቤት ነው። ስክሪኑን ስመለከት «ደሳለኝ ቶኮዛ» የሚለው ደመቅ ብሎ ወፍሯል፣ አጠገቡ አንድ ቁጥር፣ ያልተነበበ አንድ።

ከፈትኩት፣ እና መልሱ ነው። ማኅተሙ፣ ፎቶው፣ በመሣሪያ የሚነበበው መስመር መስመር ኮድ፣ ስሙ ከነአያቱ፣ የሷም ስም ከሥሩ፣ ወረቀቱ ታድሷል። የተላከበት ቀን ከመታመሙ በፊት ያለ ሳምንት ላይ ነው። እኔ ላልላክሁት ማመልከቻ የመጣ መልስ ነው የምነግራችሁ።

ወደ ታች ወረድኩ። ታውቁ የለ፣ መልስ ሲመጣ ከሥሩ የጠያቂው ደብዳቤ ተያይዞ ይመጣል። የኔ አራት መስመር መሆን ነበረበት። አይደለም። በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ልክ እሱ ከደንበኞቹ ጋር የሚያወራው ዓይነት፣ አንድ ነገር ነው ያለው፦ «እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፣ ሚስቴ በር ላይ ቆማለች፣ እጇ ቀዝቅዟል።» ከሥሩም የላኪው ስም፣ ደሳለኝ ቶኮዛ ይላል።

ዞርኩ። አስናቀች እጆቿን ብብቷ ሥር አድርጋ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

«አገኙት?» አለችኝ።

ምን አልኩ መሰላችሁ። «ግቢ» አልኳት። ብርዱ ይብላሽ ብዬ በር ላይ ያቆምኳትን ሴት፣ በሽታውም ሕጉም ገደል ይግባ፣ እጇን ይዤ አስገባኋት፣ የራሴን ሹራብ አለበስኳት። ደብዳቤውን ብቻ፣ የላይኛውን ገጽ ብቻ፣ አተምኩላት። የታችኛውን አላሳየኋትም። ወረቀቱን ግንባሯ ላይ አደረገችው፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ እግሬን ልትስም ስትል «ተይ አንቺ፣ ተይ» ብዬ ጮህኩባት፣ ደነገጠች፣ ምን እንዳስቆጣኝ አልገባትም።

እንደወጣች ረቂቁን ከፈትኩ፣ ማመልከቻው እዚያው ነው፣ እንደተውኩት፣ ከነአራት መስመሩ። የተላኩትን አንድ በአንድ አየሁ፣ በሱ ስም የሄደ የለም። ቀኑን ሙሉ ስፈትሽ ዋልኩ፣ ሲመሽ ኪቦርዱን ወርውሬ ሁለት ፊደል ነቅያለሁ።

ሬሳ ቤት ያለችው ሴትዮ ኮዱን በመሣሪያዋ አየችው፣ «ሻርፕ ማማ፣ ይኼ ይሠራል» አለቻት። በማግስቱ ደሳለኝ በስሙ ተቀበረ፣ እዚሁ፣ አገር ቤት መላክ የማይቻልበት ጊዜ ነበር፣ ተራርቀን ቆመን። እኔ ከሁሉም ኋላ ነበርኩ።

ኮምፒውተር የሚያውቅ አንድ ሰው ጠየቅሁ፣ ጠቅላላውን ሳልነግረው። «ሲጠገን የተሰረዘ ደብዳቤ ሊነሳ ይችላል» አለኝ፣ «ኖሮ የማያውቅ ግን አይነሳም።» «የይለፍ ቃልሽን ማን ያውቃል?» አለኝ። ማንም። «እንግዲያው አንቺው ነሽ የላክሽው፣ ረስተሽው ነው» አለኝና ሳቀ። እስቲ እንዲህ ነው ልበል ብዬ ስንት ቀን ታገልኩ መሰላችሁ። እጄ «ላክ» ላይ ስትደርስ የተነሳችበትን ቅጽበት ግን እንደ ዛሬ አስታውሳታለሁ፣ በዚያች ቅጽበት የተሰማኝ ደስታ አለ፣ እሱን አልረሳውም፣ ደስ ያለኝን ነገር አልሳሳትም።

የማይለቀኝ ንዴት ደግሞ ይኼ ነው። ያን ደብዳቤ ማምጣት ከቻልክ፣ ደሳለኝ፣ ለምን በሕይወት እያለህ አላመጣኸውም፣ ለምን ሬሳህን ብቻ አተረፍክ፣ ወይስ እኔን ለማሳየት ነው፣ ታዲያ አሳየኸኝ፣ ምን ላድርግ። ኩስትር ብሎ ዝም። ሲኖርም እንዲሁ ነበር፣ አንድ ነገር ይናገርና ዝም ይላል።

አስናቀች ግን አልተወችኝም። በየሳምንቱ ትመጣለች፣ ሱቁን ራሷ ይዛዋለች፣ ለሁሉም ሰው ታወራለች፣ ታክሲ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ቶኮዛ ገበያ፦ «እትዬ ባይልኩለት ኖሮ ባሌ ስም አልባ ይቀበር ነበር።» በዚያው በዋትስአፕ ግሩፕ ላይም በድምፅዋ ተናገረችው፣ እነዚያው ሰዎች በዚህ ጊዜ እጅ ለእጅ የተጣመረ ምስጋና ደረደሩልኝ። ስልኬን ሶፋው ሥር ወርውሬ ሁለት ቀን ተውኩት።

ባለፈው ሳምንት መጥታ «የሙት ዓመቱ እሁድ ነው» አለችኝ፣ «አሁን እንኳ ሰው መሰብሰብ ተፈቅዷል። እትዬ፣ እርስዎ ተነስተው እንዲያወሩልኝ እፈልጋለሁ። እንዴት እንደላኩለት፣ ምን ብለው እንደጻፉለት። ወሬ ሲያወሩ ያምርብዎታል፣ እሱም ይለው ነበር።»

«እሱ ምን ይል ነበር?»

«እትዬ ወይንሸት ቢያሙኝም ሲያወሩ ደስ ይሉኛል፣ ይል ነበር» አለችና ሳቀች፣ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

እሺ አልኳት። ምን ልበላት፣ ንገሩኝ። እውነቱን ብነግራት ባሏ እኔን ሲጠብቅ እንደሞተ ልታውቅ ነው፣ ባልነግራት ደግሞ በሱ ሙት ዓመት፣ በሱ ሰዎች ፊት ቆሜ፣ እሱ የጻፈውን እኔ ጻፍኩት ልል ነው፣ እሱ በየት በኩል እንደሚሰማኝ ደግሞ አላውቅም። ንግግሬን ልጻፍ ብዬ ዛሬ ጠዋት ማሽኑን አስነሳሁ። ፎልደሩ ላይ ያልተነበበ አንድ አለ። ዩኤስቢዋ አልተሰካችም። አልከፈትኩትም፣ ዘግቼ ወጣሁ፣ ይህንንም የምጽፈው ወጥ ቤት ተቀምጬ በእጄ ነው። እሁድ ሊደርስ ሦስት ቀን ቀርቶታል።